ጎረቲ ጥርሷን ልታነጣ ስትል

ጎረቲን በደንብ አውቃታለሁ ማለት አልችልም። የሚለየን አንድ አጥር ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ሰላም እንባባላለን፣ ማታ ልብስ ስታሰጣ አያታለሁ። ከዚያ ያለፈውን ከሰው ነው የሰማሁት። ስለ እሷ መጻፍ የሚገባኝ እኔ ስለመሆኔም እጠራጠራለሁ። ያለፈው ወር ነገር ግን ዓይኔ እያየ የሆነ ስለሆነ እሱን ልናገር።

ጎረቲ በከተማችን በማዳንግ፣ ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ ክፍል ታጸዳለች። እንግዳ ተቀባይዋ አግብታ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ዌዋክ ስትሄድ ሥራ አስኪያጇ ዊልማ ጎረቲን ጠርታ ወንበሩ ያንቺ ነው አለቻት። ወዲያው ደግሞ፣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው አንቺን ነውና በዚህ የቀላ አፍ አይሆንም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ነገር አድርጊ ስትል ጨመረችበት። ወንበሩ ለጎረቲ የማዕረግ ጉዳይ አልነበረም። ወለል ስትወለውል ጉልበቷ አልቋል፤ ደረጃ የምትወጣው ግድግዳ ይዛ ነው። ወንበሩ ካመለጣት ሥራውን መተው ብቻ ነበር የቀራት።

አፋችንን የሚያቀላው ቡዋይ የምንለው፣ የሚያነቃቃ የዘንባባ ፍሬ ነው። ቅርፊቱን እንሰነጥቃለን፣ ፍሬውን ከኖራ ጋር እናኝካለን፣ ቀዩን ምራቅ እንተፋለን። ጎረቲ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታኝክ በመኖሯ ጥርሶቿ መቅላቱንም አልፈው የማንቆርቆሪያ ቂጥ መስለዋል። የዚያኑ ዕለት ማኘኩን አቆመች። ራሷን እያመማት፣ በሆነ ባልሆነው እየተቆጣች ምክር መጠየቅ ጀመረች። የፋርማሲው ሰው ጥርስ ላይ ተለጥፎ የሚያነጣ ስስ ነገር አሳያት። ባሕር ማዶ ኬርንዝ ያለች የአክስቷ ልጅ በጥርስ ቅርጽ ውስጥ ተሞልቶ የሚነከስ ጄል ልላክልሽ አለች፤ እሱ ግን በጊዜው አይደርስም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሶዳ በሎሚ አሏት። የወንድሟ ሚስት በርናዴት ደግሞ የራሷን ምክር ይዛ መጣች።

«ምን ያስጨንቅሻል አንቺ?» አለቻት፣ እኔም በአጥሩ በኩል እየሰማሁ። «ያቀላሽ ፍሬው ነው። ኖራው ምን በደለሽ? እሱማ ነጭ ነው። ፍሬውን ትተሽ በኖራው ብቻ ፈግፍጊው።»

አሁን ሳስበው ያስቃል፤ ያን ቀን ግን ለእኔም እውነት መስሎኝ ነበር። ዕድሜያችንን ሙሉ አፋችን ውስጥ የምንከተውን ነገር ማን ይፈራል? ጎረቲ ፈገፈገችው። ድዷ ተቃጥሎ ተላጠ፤ ለቀናት ከዓሣ ሾርባ በቀር የሚወርድላት ጠፋ። ሎሚውንማ በቆሰለ ድድ ማን ይሞክረዋል። ቁስሉ ትንሽ ሲሻላት የሚለጠፈውን ገዛች። ልጣ ስታየው ጥርሱ ገላጣ በሆነበት በኩል ነጥቷል፣ ቆሻሻው በጋገረበት በኩል እንደነበረው ነው።

«ቀለሙ መሃል ላይ ያለቀበት አጥር መሰልሽ» አለቻት በርናዴት።

ጎረቲ አልሳቀችም። ወሩ ሊያልቅ ተቃርቧል። በዚያ ምሽት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ መጣች፤ እንዲህ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ የማውቀው ነገር የለም። ብቻ ጤና ጣቢያ ሲስተር ኢሎይ ረቡዕ ረቡዕ ጥርስ እንደምታይ ነገርኳት። እሱን አላጣችውም። የምትፈራው፣ አፏን ከከፈተች ሁሉም በስብሷልና ይነቀል እንዳይሏት ነው። ለካ ያን ሁሉ ስትመርጥ የከረመችው ከዚህ ስትሸሽ ነው። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት።

ሲስተር ኢሎይ አፏን አብርታ አየች።

«እማማ፣ ጭቃ ላይ ነው እንዴ ቀለም የምትቀቢው? መጀመሪያ ጭቃው ይነሳ።»

በቀጭን ብረት መፋቅ ጀመረች። እንደ ጠጠር የደረቀ ነገር እየተፈረፈረ ወረደ፤ ጎረቲ የእግሯን ጣቶች አጥፋ ያዘች። ሲያልቅ መስታወት ሰጠቻት።

«የሚነቀል የለም፤ ሁሉም ጤነኛ ነው። የምትገዢውም የለም። ድድሽ እስኪድን ምንም እንዳትለጥፊበት።»

ጥርሶቿ ነጭ አልነበሩም፤ እንደተላጠ ሙዝ ገርጣ ያሉ ናቸው። የራሷ ቀለም ነው። ጎረቲ ብዙ አየቻቸውና በረጅሙ ተነፈሰች፣ ሲስተር ኢሎይም ሳቀች። ስንመለስ በባሕሩ ዳር አፏን ከፍታ ንፋስ እያስገባች ነው የሄደችው። ዊልማም አየት አድርጋት፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሸሚዝሽን ተኩሰሽ ነይ ብቻ አለቻት።

አሁን ወንበሩ ላይ ናት። ጉልበቷም አርፏል። ባለፈው እሑድ በአጥሩ ላይ ስናወራ፣ ካርካር ደሴት ያሉት ዘመዶቿ ለአጎቷ ለቅሶ እንደጠሯት ነገረችኝ። ለቅሶ ቤት ሽማግሌዎች ቡዋይ ሲያቀርቡ እንቢ ማለት ሐዘኑን እንቢ ማለት ነው። ምን ልታደርጊ ነው ብዬ ጠየቅኳት።

የልብሷን ሳፋ አነሳች።

«እሱን እንኳ አትጠይቂኝ፣ እህቴ» አለችኝ።