የእሑድ ውሃ

አባቴ የውሃ አባት ናቸው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ አንድ ወንዝ ለመስኖ የሚጋሩ ገበሬዎች ተራ የሚያስይዝ ሽማግሌ ይመርጣሉ። ማን ሰኞ፣ ማን ማክሰኞ እንደሚያጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እሑድ ግን የማንም አይደለም፤ ቦዩ ይዘጋና ውሃው በወንዙ ይወርዳል። "እሑድ የድንጋይ ሥሮቹ ተራ ነው" ይላሉ።

የድንጋይ ሥሮቹ የሚሏቸው፣ ድንጋይ ሲገለበጥ እየተሯሯጡ የሚሸሹትን ሦስት ጭራ ያላቸውን ጥቃቅን ነፍሳት ነው። አባቴ ከብት ከማጠጣታቸው በፊት ድንጋይ ይገለብጣሉ፤ እነሱ ከሮጡ ውሃው ደህና ነው። እኔ ሴት ልጃቸው ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እነዚያው ነፍሳት ወራጅ ውሃ ካጡ እንደማይኖሩ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። አስተማርሁ እንጂ መች ተማርሁ!

ያን ዓመት ክረምቱ ቶሎ ወጣ፤ ወንዙ ገና በጥር ቀጠነ። እኔ ደግሞ ከአባቴ መሬት ቆርሼ ሽንኩርት ተክዬ ነበር። ቅዳሜ መጥቼ ሳየው ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ደርቋል።

"አባዬ፣ የእሑዱን ውሃ ይልቀቁልን፤ ለሁሉም ይዳረሳል። ለትል ብለን ሰብል እናድርቅ እንዴ?" አልኋቸው።

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ "እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ" አሉና ቦዩን ከፈቱ።

ገበሬው ሁሉ መረቀኝ። ሦስት እሑድ አጠጣን። በአራተኛው ወንዙ መፍሰሱን ትቶ ኩሬ ኩሬ ሆነ።

አባቴ ለለቅሶ ደምበጫ በሄዱበት ቅዳሜ፣ ቀዩን በሬያቸውን ወደ ኩሬው ያወረድሁት እኔ ነኝ። ድንጋይ ገለበጥሁ፤ የሚሮጥ የለም። ፀሐዩ ከርሮብኛል፣ በሬውም ጠምቶታል፤ አንድ ጊዜ ቢጠጣ ምን ይሆናል ብዬ ለቀቅሁት። የቆመ ውሃ ለአልቅት ሠርግና ምላሽ ነው። በሳምንቱ የበሬው አፍንጫ ይደማ ጀመር፤ መኖም እምቢ አለ።

እርሻ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል። ጥንዱ ከጎደለ አባቴ በዚህ ዕድሜያቸው በሬ ልመና በየደጁ ሊዞሩ ነው። ማን አመጣው? እኔ!

አልቅት በጉልበት አይወጣም። በሬውን አንድ ቀን ተኩል ውሃ ከልክለን ፀሐይ ላይ አሰርነው። እኔ እንባዬ ይወርዳል፤ አባቴ ግን በእፍኛቸው አመድ ይዘው፣ እንደሚያስቀድስ ሰው ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። በኋላ ንጹሕ ውሃ በገበቴ አቀረብሁለት፤ እንዳይጠጣ ግን አፉን ከፍ አድርጌ ያዝሁ። አልቅቱ ውሃው ሲሸተው ከአፍንጫው ብቅ አለና ተመልሶ ገባ።

"ቆዪ፣ አትንቀሳቀሺ" አሉኝ።

እንደገና ሲወጣ በአመዱ እንዳያሟልጫቸው አድርገው ቀብ አደረጉትና ሳቡት። ጥቁር ነው፣ የጣት ያህል። በሬው ገበቴውን ጨለጠው።

ዳነ፤ ግን አጥንቱ ቀረ። አባቴ በዚያው እሑድ ቦዩን ዘጉ። ሽንኩርቴ ደረቀ። በሬውን ወደ ወንዙ አላወርድም ብለው፣ ከሩቅ ምንጭ በአህያ በጀሪካን እያመላለሱ አጠጡት፤ በየቀኑ፣ በዚያ ወገባቸው። እኔን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ!

ሰኔ ላይ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ስልኬ ጠራ። አባቴ የሚደውሉት ለመርዶ ብቻ ነው። በሬው ሞተ ብዬ ጠመኔውን ጥዬ አነሣሁት።

"ድንጋይ ገለበጥሁ" አሉኝ። "ሮጡ። ቀዩን ወንዝ አውርጄው ይኸው እየጠጣ ነው።"

ተማሪዎቼ ፊት አለቀስሁ። "አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልሁ፤ ያን ሁሉ ወር ሳልላቸው የቀረሁትን።

"የምን ይቅርታ? ቦዩን የከፈትሁት እኔ አይደለሁ?" አሉ። ቀጥለውም፣ "ሽንኩርቱን ለከርሞም ትከይ። እሑዱን ግን ተይላቸው።"