ሳተላይቱና የአማቴ ሦስት ቀናት

በፈረንጆቹ 2021 መጸው ላይ ስለ አንድ የጦር ሳተላይት መጣጥፍ እጽፍ ነበር። ከምድር ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የሚሳይል ጭራ እሳት ሲለኮስ ለማየት ሌት ተቀን የሚጠብቅ ነው። አይተኩስም፣ አያስቆምም፤ ሙቀቱን ያያል፣ ይናገራል፣ በቃ። ረቡዕ ጠዋት፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ፎረስት ፓርክ ሰፈር ባለው ቤታችን ይህንኑ ለባለቤቴ እደሰኩርላት ነበር።

«ካየ በኋላስ?» አለችኝ የሥራ ጫማዋን እያሰረች። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው።

«ይናገራል።»

«ለማን?»

«ለወታደሮቹ። እነሱ ደግሞ በምድር ራዳር ሳያጣሩ አያምኑትም። ደመና ላይ ያረፈ ፀሐይም እሳት ሊመስል ይችላል።»

«ከአንተ ይሻላሉ» ብላ እየሳቀች ወጣች።

መኪናዋ ከመንገዳችን ሳትታጠፍ ስልኬ ጮኸ። ናዝሬት ያለው ወንድሟ ነው። እሷን ትቶ ለእኔ መደወሉ ብቻ ወሬው ክፉ መሆኑን ነገረኝ።

«ጋሼ፣ እማዬን አሟታል። ለእሷ አንተው ቀስ ብለህ ንገራት።» ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሞት በስልክ አይነገርም። ለባል ይደወላል፣ «ታማለች» ይባላል፣ ባል ሽማግሌ ይሰበስባል፣ እነሱም ማልደው መጥተው መርዶውን ያረዳሉ። ደዋዩን «ሞታለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አልጠየቅኩም። «በርታ» አልኩት። እሺ ብሎ ዘጋ፤ ድምፁን የለቅሶ ነው አልኩ።

ኢስትሙር ሰፈር ለሚኖሩት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደወልኩ።

«መርዶ ኋላ ቀር ልማድ ነው ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እና ዛሬ ኋላ ቀሮቹ ይድረሱልኝ ነው?» አሉ፤ ወዲያው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ቅዳሜ ኦፍ ናት አይደል? ጠዋት እንመጣለን። እስከዚያ እንዳትሰማ ጠብቃት።»

ጠበቅኳት። የእሷ ስልክ ከአገር ቤት ጋር የሚያገናኛት በቤታችን ኢንተርኔት ብቻ ነበር። ራውተሩን ነቅዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩትና ተበላሽቷል አልኳት። ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ «የእማዬን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ቀኔ!» አለች።

«ቅዳሜ መጥተው ይሠሩታል» አልኳት። ምሳ ቋጠርኩላት፣ እግሯን አሸሁላት። እንደዚያ ሳምንት ደግ ባል ሆኜ አላውቅም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ኒው አልባኒ፣ የምሠራበት መጋዘን ፓርኪንግ ውስጥ እንዳለሁ ወንድሟ እንደገና ደወለ።

«ጋሼ፣ አልነገርካትም እንዴ? ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን ትራሷ ላይ አስቀምጠን ጠበቅን። 'ልጄ ደወለች?' እያለች ስትጠይቅ ነበር።»

«ማን ስትጠይቅ?»

«እማዬ ናታ! አሁን አረፈች። አንድ ሰዓት አይሞላትም።»

ታማለች ሲለኝ ታማ ነበር። ሌላ ምስጢር አልነበረውም። ሃያ ዓመት በቅጡ ያልሞላው ወታደር የሚያደርገውን፣ መልሶ ማጣራትን፣ ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ሰውዬ አላደረግኩትም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ማስካቸውን አድርገው ማልደው መጡ። ባለቤቴ ገና በር ላይ ስታያቸው ገባት።

«መቼ?» አለች።

«ትናንት» አልኩ።

ኢስትሙር የሚኖሩት ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። ለእሳቸው የነገርኳቸው ረቡዕ ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጣሉ። እሷ ደረቷን እየደቃች «ይኼ የተረገመ ኢንተርኔት!» ትላለች።

መጣጥፉን አልጨረስኩትም። ኢንተርኔቱን እየረገመች ዓመት አለፈ፤ እኔም አብሬያት እረግም ነበር። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት፣ አንድ ጠዋት ጫማዋን ስታስር፣ ሽማግሌ ሳልጠራ ሁሉንም ነገርኳት።

አልጮኸችም። «እየጠራችኝ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«ሦስቱንም ቀን?»

«አዎ።»

የግራ ጫማዋን አላሰረችውም። ማሰሪያው መሬት እየጠረገ ወጣች፣ መኪናዋን አስነሳች፤ ከመንገዳችን እስክትታጠፍ በመስኮቱ አየኋት።