በሁለትና በስምንት መሃል

ዛሬ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ አልቆ ሰሌዳውን ሳጠፋ የጠመኔው ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ አባቴ ትዝ አለኝ።

ተማሪ ሳለሁ እዚሁ ጭሮ አክስቴ ዘንድ ነበር የምኖረው። አባትና እናቴ ተለያይተው እሱ ገለምሶ፣ እሷ አሰቦት ይኖሩ ነበር። አንድ ቅዳሜ አባቴ በሚኒባስ መጣ። የቤት ሥራዬን አሳየሁት። መልሶቹ ሁለትና ስምንት ተብለው ተሰጥተዋል፤ የፍጹም ዋጋ እኩልታውን መጻፍ ግን የኔ ፈንታ ነበር።

«አባዬ፣ ከመልስ ተነስቶ ጥያቄ እንዴት ይጻፋል?»

እሱም አስተማሪ ነበርና ጠመኔ ከኪሱ አይጠፋም። ሲሚንቶው ወለል ላይ መስመር አሰመረ።

«መጀመሪያ መሃላቸውን ፈልጊ።»

«አምስት።»

«ከአምስት እስከ ሁለቱም ያለው ርቀትስ?»

«እኩል ነው፤ ሦስት ሦስት።»

«በቃ፣ ኤክስ ሲቀነስ አምስት፣ ፍጹም ዋጋው ሦስት ይሆናል።»

ደብተሬ ላይ ስጽፍ ቆይቶ፣ ቀና ሳይል፣ «ከኔና ከእናትሽ ማን ጋ መኖር ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

አንዱን ብጠራ ሌላው የሚከፋው መሰለኝ። «እዚሁ አክስቴ ጋ ይሻለኛል» አልኩት።

ጠመኔውን በጣቶቹ አሻሸ።

«ጥሩ መልስ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጥያቄው ግን ላንቺ መሰጠት አልነበረበትም።»

ስለ ቤት ሥራው የሚናገር መስሎኝ፣ መምህራችን ከአቅሜ በላይ ሰጥቶኛል ብዬ ኮራሁ።

አሁን ልጄ፣ ቦኬ ከተማ የሚኖረው አባቷ ዘንድ ሰንብታ ነገ ትመለሳለች። እኛም ከተለያየን ዓመት አልፎናል። ማንን እንደምትመርጥ ጠይቂያት ይሉኛል ዘመዶቼ። ጉትጎታቸው አድክሞኛል፤ ግን አልጠይቃትም።