ዕጣው ለሰይድ ወጣ

መጀመሪያ ሰዎቹን ልንገራችሁ፣ ልጆቼ። አያ ይማም አሉ፤ የመንደራችን ሽማግሌ፣ ወዳጃ ለምንለው የጋራ ጸሎት ሲቀመጡ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚመርቁ። አባቡ አለ፤ ከእኛ ሁሉ ፈጣኑ፣ መከታ የምትባለው ውሻ ጌታ። ሰይድ አለ፤ ማሳው ከማሳዬ በአንድ ድንበር ብቻ የሚለይ ጎረቤቴ። አራተኛው እኔ አባታችሁ ነኝ፤ ፊደል ያለ መምህር የቆጠርኩ፣ ምክንያቱን ያላወቅኩት ነገር እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው።

ጊዜው የጥቅምት መጨረሻ ነው። በአገራችን በግራና ማሽላው ጎምርቶ አንገቱን ደፍቷል። ጠዋት ጤዛው ሱሪን እስከ ጉልበት ያርሳል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ከቆላ የሚመጣው ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል። በዚያ ሰሞን አንድ ወንዴ ከርከሮ ለመደብን። ለመደብን ስል ለመደብኝ ማለቴ ነው። የሰይድን ማሳ አቋርጦ ያልፍና የእኔን ይበላል! አገዳውን በደረቱ ይጥላል፣ እሸቱን ያኝካል፣ የተረፈውን ይረግጣል። እኔ ቀን ወፍ በወንጭፍ ሳባርር ውዬ ማታ ማማ ላይ አድራለሁ፤ ሰይድ ቤቱ ይተኛል። የእሱ ማሽላ ቆሞ የእኔ ሲወድቅ ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። ያ ማሽላ የእናንተ የዓመት ቀለብ ነበር። «ጌታዬ፣ እኔ ከእሱ ምን አጎደልኩ?» እል ነበር።

ዱካውን ሰንብቼ አጠናሁት። የፊት ግራ ሰኮናው ጫፉ የተሰበረ ስለሆነ ጭቃ ላይ አንዱ ወገን ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ ሆኖ ይታተማል። ጭቃውን የሚያብስበት የግራር ግንድ ላይ የቀረው ምልክት እስከ ጭኔ ይደርሳል። በልቶ ሲጠግብ በፈፋው ወርዶ፣ ወንዙ ጠብቦ በሚወጣበት በር እንደሚያልፍ የደረስኩበት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጠመንጃ አልያዝንም። ከጦርነቱ ወዲህ ተኩስ ሲሰማ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ አልጋ ሥር ይገባል። ስለዚህ ጦርና ገጀራ ይዘን ጎህ ሲቀድ ወጣን። አባቡ ከውሻው ጋር ከላይ ሊያባርር፣ እኔና ሰይድ ከታች ልናደፍጥ። አንዳችን በሩ ላይ፣ አንዳችን ራቅ ካለው አለት ላይ። የማድፈጫ ቦታ ደግሞ በእኛ ዘንድ በዕጣ ነው። አያ ይማም ፊታቸውን አዞሩ፤ ሰይድ የአገዳ ስባሪ፣ እኔ የሸሚዜን ቁልፍ ቆብ ውስጥ ጨመርን። የማን እንደሆነ ሳያውቁ እጃቸውን ከተው «ይህ ለበሩ» ሲሉ አገዳው ወጣ።

«አያ ይማም፣ ዱካውን ያጠናሁት እኔ ነኝ! እሱ ከየት እንደሚመጣ እንኳ አያውቅም» አልኩ።

«ዕጣ ከወጣ ወዲያ ክርክር የለም። ራሳችን የምንመድበው ከሆነ ፈጣሪን ለምን አስቸገርነው?» አሉኝ።

ሰይድ ሳቀ። «ምነው ሞላ፣ ቀናህ እንዴ? ከርከሮ እኮ ነው፣ ሙሽራ አይደለም!»

«ሙሽራም ብትሆን ላንተ ነበር የምትወጣው» አልኩት። እኔ አልሳቅኩም። ቢሆንም «ጦርህን እንዳትወረውር፤ መሬት ተክለህ ጠብቀው» አልኩት። «ኢንሻአላህ» ብሎ ወረደ።

አለቱ ላይ ተቀምጬ ቅናቴን ሳላምጥ አባቡ ከላይ ጮኸ፣ መከታ ጮኸች። ከርከሮው ጭራውን ቀጥ አድርጎ በፈፋው መጣ፤ ልክ እኔ ባልኩት መንገድ! ሰይድ በርከክ ብሎ የጦሩን እግር መሬት ላይ ደግፎ ጠበቀው። እኔ ብሆንም የማደርገው ይህንኑ ነበር። የሰይድ ጦር ዘንጉ አዲስ ወይራ ነው፤ የእኔን ምስጥ ቀምሶታል። የሰይድ ጦር ከርከሮው ትከሻ ውስጥ ገባና ዘንጉ ለሁለት ተሰበረ። ከርከሮው ጥርሱን ወደ ላይ ሲያነሳ የሰይድ ጉልበት ሲሰነጠቅ እኔ አለቱ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

ዘልዬ ወረድኩ። መከታ ደርሳ ጆሮውን ያዘች፤ አንድ ጊዜ አናወጣትና ሆዷን ቀደዳት። ከዚያ ትንንሽ ዓይኖቹን ወደ እኔ አዞረ። ጦሬን ለመትከል እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ ዘንጉን ብብቴ ሥር ይዤ ቆምኩ። ደረቱ ላይ ሰካሁት፤ እሱ ግን በዘንጉ ላይ እየገፋ ወደ እኔ ይመጣል። ትንፋሹ ፊቴን አሞቀው፤ ጥርሱ ግራ እጄን አገኘው። ምስጥ የበላው ዘንግ ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። አባቡ ደርሶ በገጀራ አንገቱን ሲለው ሦስታችንም አንድ ላይ ወደቅን።

የሰይድን ጉልበት በራሱ ሽርጥ አስረን በቃሬዛ አስፋልት አወጣነው፤ እስከ መርሳ በባጃጅ፣ ከዚያ ወልድያ። ባጃጁ ውስጥ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር።

«የእኔ ቦታ ነበር» አልኩት። «ዘንግህም አዲስ ነበር። ለምን ላንተ ሆነ?»

«እኔ ምን አውቄ? አላህ ያውቃል።»

«አልጠየቅከውም?»

«ውሃ ነው የጠየቅኩት። ይዘሃል?»

አልያዝኩም ነበር። ባለ ባጃጁ የራሱን አቀበለኝና አጠጣሁት። አልሐምዱሊላህ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ ደም መሀል፣ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። እስከ ዛሬ የምቀናው በዚያ እንቅልፉ ነው፤ ማሽላውንስ ትቼዋለሁ።

ሰው «ሞላ፣ እግዜር በዕጣው አተረፈህ» ይለኛል። አልቀበልም። እኔን ለማትረፍ ሰይድን ይሰብራል ማለት ድፍረት ነው። እናንተም ያላወቃችሁትን የእግዚአብሔር ሥራ እንዳወቀ ሰው አትተርጉሙ። ብዙ አንብቤ ብዙ አሰብኩ፤ አልገባኝም። ድሮ ሲገባኝ አመሰግነዋለሁ እል ነበር። አሁን ሳይገባኝ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እሰግዳለሁ፤ ቂም እንደያዘ ሰው እያጉረመረምኩም ቢሆን እሰግዳለሁ። ከዚህ የተሻለ ነገር አላስተምራችሁም፤ የለኝምና።

ያ አደን በመጨረሻ ያስከፈለን ይህን ነው። አባቡ መከታን ቀበረ፤ ሌላ ውሻ አላሳደገም። አያ ይማም ዕጣ አውጡልን ሲባሉ እምቢ ይላሉ። የእኔ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ያን ያህል የቀናሁለትን የራሴን ማሽላ፣ ሰይድን ሳስታምም ወፍ ጨረሰው፤ በዚያ ዓመት የበላችሁት ከሰይድ ጎተራ ነው። የሰይድ ጉልበት እንደ ደረቀ ቀረ፤ ግንባሩን ምድር ማስነካት አይችልም፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል።