በበረኪና የታጠበው ኩሬ

ጡረታ የወጣችው የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ከቆሻሻ ጋር ዓይንና ናጫ ሆና ነው ዕድሜዋን የፈጀችው። ጎረቤቶቿ ስሟን ትተው «በረኪና» ይሏታል፤ እሷም በልቧ ትኮራበታለች።

ታናሽ ወንድሟ ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ሲሄድ የጓሮውን ትንሽ ኩሬ አደራ ሰጣት። ኩሬውን ያስቆፈረችው ሟች ሚስቱ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ ሳቅ የራቀው ያ ሰው፣ ከሥራ ሲገባ የሚያወራው ከዓሦቿ ጋር ነው። ምግባቸውን ብቻ በትኝላቸው፣ ሌላ ነገር እንዳትነኪ ብሏት ነበር። ግን በረኪና ናት፤ ድንጋዩ ላይ የተጋገረውን አረንጓዴ ልጋግ እያየች እንዴት እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ? ዓሦቹን ባልዲ ውስጥ አቆይታ፣ ውኃውን ደፍታ፣ ውኃው ውስጥ የበቀለውን ሣር ነቃቅላ፣ ድንጋዩን በበረኪና ፈትጋና አለቅልቃ በቧንቧ ውኃ ሞላችው። ወንድሟ እንዴት እንደሚመርቃት እያሰበች ደስ ብሏት ተኛች።

ጠዋት ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ያለከልካሉ። አንዱ በጎኑ ተጋድሟል። ክው ብላ ቀረች፤ ወንድሟ ነገ ይገባል። ጫማዋን በወጉ ሳታጠልቅ ከመንገዱ ማዶ ካለው መናፈሻ አትክልተኛውን ጎትታ አመጣችው።

አትክልተኛው ቀልድ የማያልቅበት ሽማግሌ ነው። ውኃውን አሸተተና ቀልዱን ተወው።

«እህቴ፣ ቆሻሻ ያጠብሽ መሰለሽ እንጂ ሰፈሩን በሙሉ ነው ያፈናቀልሽው።»

ዓሦቹን ከመናፈሻው ኩሬ ውኃ በተቀዳበት ባልዲ ውስጥ አስገቧቸው። ከዚያ የቧንቧውን ውኃ ደፍተው፣ ጓሮና መናፈሻ እየተመላለሱ የመናፈሻውን ውኃ ሲያግዙ አስረዳት። የዓሦቹን ኩስ የሚያጣራው ያ የናቀችው ልጋግና ዓይን የማያያቸው ነዋሪዎቹ ናቸው፤ ልጋጉን ጥቃቅን ነፍሳት ይግጡታል፤ ነፍሳቱን ዓሦቹ ይለቅማሉ፤ ሣሩ ደግሞ ለሁሉም መተንፈሻ ይሰጣል። አንዱን ካባረርሽ ሌላውም አይቆምልሽም አላት። በረኪና እየዘገነናት በገዛ እጇ ከመናፈሻው ያመጡትን ሣር ከነጭቃው፣ ድንጋዩን ከነልጋጉ ኩሬው ውስጥ አስቀመጠች።

አመሻሽ ላይ ወደ ኩሬው የተመለሱት ዓሦች አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ተጋድሞ የነበረውም ቀና ብሎ ተከተላቸው። እፎይ ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች፤ እንባዋም መጣ።

ወንድሟ ሲመለስ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። እሱ ፊቱን ወደ ኩሬው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መስሏት ደነገጠች፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«ሚስቴም መጀመሪያ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ያኔ አንድም ዓሣ አልተረፈም። አፍራ ደብቃሽ ነው እንጂ፣ እታለም፣ በረኪናውን የሰጠሻት አንቺ ነበርሽ።»