እትዬ ዘውድነሽ የተቀመጡ ዕለት

አማቴ እትዬ ዘውድነሽ ቆመው የሚበሉ ሴት ናቸው። የመጨረሻዋን ጉርሻ የሚውጧት ከጓዳ ወደ ሳሎን ሲያልፉ መንገድ ላይ ነው። የካ ሚካኤል አካባቢ ሠርግ ሲኖር፣ ሐዘን ሲደርስ፣ ቸርቻችን ኮንፍራንስ ሲያዘጋጅ፣ ወጡን ቀምሰው ጨው አነሰው የሚሉት፣ ልጃገረዶቹን የሚያሯሩጡት እርሳቸው ናቸው። «አረፍ ይበሉ እንጂ» ያላቸው ሰው ወዮለት፤ «ምን አየህብኝ? ታመምኩ እንዴ?» ብለው ያፈጡበታል። በእርሳቸው እምነት ሰው የሚቀመጠው ወይ ሲታመም ወይ ሲያዝን ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ባላቸው ጋሼ ዋቅቶላ ደግሞ ዕድሜያቸውን ተቀምጠው የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ሾፌር ነበሩ። ቱሪስት እየጫኑ ላንጋኖና አዋሳ ሲመላለሱ አረጁ። ፈረንጆቹ ሐይቅ ዳር ታጣፊ ወንበር ዘርግተው፣ ውሻቸውን እግራቸው ሥር አስተኝተው፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ውኃ ሲያዩ ይውላሉ። ጋሼ ደግሞ ከመኪናው ጥላ ሥር እነሱን ሲያዩ ይውሉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ የተመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሚስታቸውን ታጣፊ ወንበር ላይ አስቀምጦ ውኃ ማሳየት።

«ኃይሉ፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ይቺ ሴት ይኸን ሁሉ ዘመን ቆማ አብልታኛለች። አንድ ቀን ቁጭ ብላ ሳላያት ብሞት ጌታ ራሱ ይጠይቀኛል።» ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን አየሁና ሳቄን ዋጥኩት።

ከአንድ ጋራዥ ጥግ ሣር የበቀለባትን አሮጌ ኮምቢ መኪና ገዙ። ወንበሮቿን ነቅለው አልጋ፣ መጋረጃና የዕቃ መደርደሪያ ገጠሙላት። ሰፈርተኛው «የዋቅቶላ ቤት ጎማ አወጣ!» እያለ ተሳለቀባቸው። መጀመሪያ ለሙከራ እንጦጦ ይዘውን ወጡ። ኮምቢዋ በየመታጠፊያው ቆማ ውኃ እየጠጣች እንደ ምንም ደረሰች። ጋሼ ከባሕር ዛፉ ሥር ወንበር ዘረጉ፣ በመሐረባቸው ጠረጉት፣ ዞር ሲሉ እትዬ የሉም። ጫካው ውስጥ ገብተው ጭራሮ ይለቅማሉ።

«ይሄ ሁሉ ማገዶ ወድቆ እያለ እኔ ቁጭ ልበል? ግፍ አይሆንም?»

ጭራሮውን አዲሱ አልጋ ላይ ቆለሉት። ስንወርድ የደን ጥበቃ አስቁሞን የማገዶ ነጋዴ አደረገን፤ ለምነን ተለቀቅን። ጋሼ እስከ ሽሮ ሜዳ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነዱ።

ተስፋ ግን አልቆረጡም። ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ላንጋኖ እንሂድ አሉ። ተጓዦቹ ሁለቱ አማቶቼ፣ ባለቤቴ ፌበን፣ ትንሿ ልጃችን ሀሴትና እኔ ነን። ጋሼ የሚያውቁት ካምፕ አለ፤ ድንኳን የተከለም በመኪናው የመጣም ሐይቁ ዳር ያድርበታል። ስህተታቸው የካምፑን ሕግ ቀድመው መናገራቸው ነበር።

«ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አሉ ደስ ብሏቸው፤ ምግብ ከሌለ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ዘውድነሽ ትቀመጣለች ብለው አስልተዋል። «የቤት እንስሳ ግን ይፈቀዳል፤ ፈረንጆቹ ውሻ ያመጣሉ።»

እትዬ «ማንኛውም የቤት እንስሳ?» ብለው አጣርተው ወደ ጓዳ ገቡ። እትዬ ዘውድነሽ ካጣሩ ነገር አለ።

የጉዞው ዕለት ጠዋት መሪ ሰፈር ካለው ቤታችን ተነስተን ቤታቸው ስንደርስ፣ ኮምቢዋ ውስጥ አልጋው ላይ አንድ ቀንዳም ሙክት ተጋድሟል። አንገቱ ላይ ቀይ የውሻ ማሰሪያ አለ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ጋሼ።

«የቤት እንስሳ ነው። ትናንት ከሾላ ገበያ ገዛሁት።»

«ዘውዴ፣ በግ እኮ ነው!»

«ታዲያ በግ የዱር አውሬ ነው? የፈረንጅ ውሻ ሲገባ የሐበሻ በግ አይግባ የሚለው የትኛው ሕገ መንግሥት ነው?»

በዚያ ዘመን የእኩልነትን ነገር ከቴሌቪዥኑ ጠዋት ማታ እንሰማ ነበር፤ እትዬም ሰምተው ኖሯል። ጋሼ የመኪናውን ቁልፍ አወጡ። ቢላዋው፣ ድስቱና በርበሬው ከአልጋው ሥር መደበቁን ፌበን በጆሮዬ ነገረችኝ። ዕቅዱ ግልጽ ነው፤ በጉ በእግሩ ይገባል፣ ከዚያ ይታረዳል፣ እትዬም እንደ ልማዳቸው ከድስቱ ጋር ቆመው ይውላሉ። ጋሼ መሪውን ይዘው እስከ ሞጆ ሲተክዙ፣ ሙክቱ የሀሴትን ኮፍያ እየበላ ሄደ።

ከካምፑ በር ላይ ኢታና የሚባል ወጣት ዘበኛ አስቆመን። በመስኮቱ አጮልቆ አየ፤ ሙክቱም አየው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቦቢ ይባላል» አሉ እትዬ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

«የቤት እንስሳ ነው?»

«ያሳደግነው!» አንድ ሌሊት ማደሩን እንደ ማደግ ቆጥረውት ይሆናል።

«ይናከሳል?»

«እንደ ሰዉ ነው።»

ኢታና ሳቁን ለመደበቅ ኮፍያውን ወደ ፊቱ ሳበ። ጋሼ ወርደው ወደ ጎን ወሰዱትና በኦሮምኛ ማውራት ጀመሩ። እትዬም እኔም ኦሮምኛ አንሰማም። ሁለቱ ተሳሳቁ፣ ተጨባበጡ። ኢታና ሲመለስ ፊቱ የዳኛ ፊት ሆኗል።

«እሺ፣ ይገባል። ግን ሕግ አለው። የቤት እንስሳ ገመዱን ባለቤቱ ይይዛል፣ ባለቤቱም ከአጠገቡ አይነሳም። ዛፍ ላይ ከታሰረ ከብት ነው፤ ከብት ደግሞ ግቢያችን አይገባም። ባለቤቱ ማነው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ እትዬ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ጋሼ ሮጠው ታጣፊውን ወንበር ዘረጉ።

መጀመሪያ ላይ ወንበሩ ላይ ሳይሆን እሾህ ላይ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። መኪናዋን ልጥረግ ብለው ተነሱ፤ ኢታና ከሩቅ ፊሽካውን ነፋ። ገመዱን ለፌበን ሊያቀብሉ ሲሉ «ባለቤቱ!» ብሎ ጮኸ። አጠገባችን ቤት የሚያህል መኪና ይዘው ከጀርመን የመጡ ባልና ሚስት ሰፍረዋል፤ ሴትየዋ ሙክቱን ፎቶ ልታነሳ ስትመጣ ውሻዋ ተከተላት። ቦቢ አንዴ ቀንዱን ዝቅ ሲያደርግለት ውሻው መኪናቸው ሥር ገብቶ ቀረ። እትዬ በኩራት ወንበሩ ላይ ተደላደሉ። ፈረንጇ ወንበሯን አምጥታ አጠገባቸው ዘረጋች፤ ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ ሁለቱም እየሳቁ ሙክቱን ያሻሹ ጀመር።

«ዘበኛውን ምን አሉት?» አልኳቸው ጋሼን።

«ያ ሁሉ ሕግ ከየት መጣ ብለህ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እባክህ ሚስቴን አስቀምጥልኝ አልኩት።»

ከሰዓት በኋላ እትዬ መቁነጥነጡን ተዉት። የላንጋኖ ውኃ ቀለሙ ወተት እንደ ገባበት ሻይ ነው፤ እርሱን ብዙ አዩት።

«የፌበን አባት፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄ ውኃ እንዲህ ዝም ብሎ ነው የሚውለው?»

«አዎ።»

«ሥራ የለውም?»

«የለውም።»

«ማንም ምንም አይለውም?»

«ማን ምን ይለዋል፣ ዘውዴ።»

ጋሼ ከካምፑ ወጥ ቤት የተጠበሰ ዓሣ በትሪ ይዘው መጡ። ከዚያ ጆግና ሳፋ አምጥተው እትዬ ፊት ጎንበስ አሉ። ለሰፈሩ ሁሉ እጅ ሲያስታጥቡ የኖሩት እትዬ ዘውድነሽ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰበሰቡ።

«ኧረ ተው! ሰው እያየ?»

«ይየን። እጅሽን አምጪ።»

አንደኛውን እጃቸውን ዘረጉ፤ ሌላው ገመዱን ይዟል። ጋሼ ቀስ ብለው አስታጠቧቸው፣ የዓሣውን እሾህ ለቅመው አጎረሷቸው። እትዬም ተቀምጠው አላመጡ፣ ተቀምጠው ዋጡ። ፌበን ወደ ሐይቁ ዞራ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ወደ ማታ ኢታና እየተጣደፈ መጣ።

«እማማ፣ አለቃዬ ወደ ከተማ ሄዷል። ከግራሩ ጀርባ ፈጠን አድርጋችሁ ብታርዱት እኔ አላየሁም። ከጎድኑ ብቻ አትርሱኝ።»

የጋሼ ፊት ጠቆረ። ይሄ የውላቸው አካል አልነበረም። በጉ ከታረደ ድስት ይጣዳል፣ ድስት ከተጣደ እትዬ ይነሳሉ፣ ከተነሱ ደግሞ እስከ የካ ድረስ መልሶ የሚያስቀምጣቸው የለም። ቢሆንም ሰውየው ጨዋ ናቸውና ጎንበስ ብለው ባዶውን ትሪ አነሱ። እኔ ቢላዋውን ላወጣ ወደ ኮምቢዋ ሄድኩ።

«ኃይሉ፣ ተው!» አሉ እትዬ፣ ገመዱን ወደ ጉልበታቸው ስበው። «ይሄ ከታረደ እኔ ምን ይዤ ልቀመጥ?»