ከዜናው በፊት የሚዘጋ ሬዲዮ

የያዙን ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በዘጋቢነት ዘመኔ የታሰሩ ሰዎችን ብዙ ጠይቄአለሁ። መቼ ተያዛችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ «ጠዋት ነው»፣ «ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ከነሰከንዱ አውቀዋለሁ፤ ስድስተኛዋ ጢጥታ ገና ከሬዲዮው ስትወጣ በሩ ተበረገደ።

ቦታው ባሕር ዳር፣ የጣናን ውሃ ከፍታ የሚለካ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነው። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ገደማ ነው። እኔ ከባሕር ዳር ለአንድ የመንግሥት ጋዜጣ ዜና እልክ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር አስገብቷል ስለተባለ ስለ እሱ እንድጽፍ ታዘዝሁ። ኮምፒውተሩን የያዘው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ከድሬዳዋ ተመድቦ የመጣ ቴክኒሺያን ነው። ሁለት ጠዋት ከእሱ ጋር ተቀመጥሁ።

ኮምፒውተሩ ሐይቁ ዳር ከተተከለው መለኪያ በሽቦ የሚመጣለትን ቁጥር ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ችግሩ ሰዓቱ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉን ይረሳና፣ ሲከፈት ቀኑንና ሰዓቱን እንደ አዲስ ይጠይቃል። መብራት ባይሄድም በየቀኑ ጥቂት ሰከንድ ይስታል። በማዶ ጎርጎራም ሌላ መለኪያ አለ፤ የሚጠብቀው የቴክኒሺያኑ ባልደረባ ነው። ነፋስ ሲነሳ የሐይቁን ውሃ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ስለሚገፋው፣ የሁለቱን ዳር ንባብ ማስተያየት የሚቻለው ሰዓታቸው አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሬዲዮ ይከፍታሉ። የለንደኑ ጣቢያ ሰዓቱ ሲሞላ ስድስት ጊዜ ጢጥ ይላል፤ አምስቱ አጫጭር ናቸው፣ የመጨረሻዋ ረዘም ትላለች። ረጅሟ ስትጀምር ሰዓቱ ሞላ ማለት ነው። ቴክኒሺያኑ ሰዓቱን አስቀድሞ ይጽፍና ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል፤ ረጅሟ ስትሰማ ይጫነዋል። ጎርጎራ ያለውም በዚያችው ቅጽበት የእሱን ሰዓት ያስተካክላል። ሬዲዮው ወዲያው ይዘጋል። ዜና አንባቢው አንዲት ቃል እንኳ አይናገርም።

በሁለተኛው ጠዋት የገቡት ሰዎች ሦስት ነበሩ። ከእኛ በፊት የያዙት ሬዲዮውን ነው።

የወሰዱን ከሐይቁ ብዙም ወደማይርቅ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን ወደነበረ ቤት ነው። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ገና የጤፍ ፍሬ ነበር። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀትር ላይ አናት ያቃጥላል። መስኮቱ ከፍ ብሎ ከጣራው ሥር ነው፤ ምንም አያሳይም፤ ነፋስ ሲኖር ግን የጭቃና የደንገል ሽታ ያስገባል።

ከእኛ በፊት ከገቡት መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሐይቁ ዳር የሚኖሩ ሙስሊም፣ የደንገል ታንኳ ሠሪ ናቸው። የይለፍ ወረቀት የሌለው ሰው በታንኳቸው አሻግረዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ከሰጡን በኋላ በምን እንደተያዝን ጠየቁን።

«በሬዲዮ ነው አባባ» አልሁ።

«ምን ሲል ሰማችሁት?»

«ምንም አላለም። ጢጥ ጢጥ ነው ያለው።»

ትንሽ አሰቡበት። «እኔስ ሰው አሻግሬ ነው የገባሁ» አሉ። «ለጢጥታ የታሰረ ሰው ግን ገና ዛሬ አየሁ።»

ቀትር ላይ ልጃቸው የተጠበሰ ዓሣ ይዛ መጣች። ለሁሉም ሲያካፍሉ ቴክኒሺያኑ ዓሣ እንደማይበላ ተናገረ። ሽማግሌው እጃቸውን አየር ላይ እንዳቆሙ አዩት። «ጣና ዳር ተቀምጠህ ዓሣ የማትበላ ከሆነ እነሱም እውነታቸውን ነው፤ በርግጥ ሰላይ ነህ» አሉት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ቆንጥሮም ቀመሰ።

ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የተጠራሁ እኔ ነኝ። መርማሪው ጢሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። አልመታኝም። የያዘውን ማስረጃ በተራ ነገረኝ። በሐይቁ በሁለቱ ዳር ያሉ ሁለት ሰዎች በየጠዋቱ በአንድ ደቂቃ አንድ የውጭ ጣቢያ ይከፍታሉ፤ እኩል ይዘጋሉ። ጥቆማው ከሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ለየብቻው ነው የደረሰው፤ አገጣጥሞ ያየው ራሱ ነው። በዚያን ጊዜ በጎንደር በኩል ያለው ውጊያ እየቀረበ ስለነበር እንዲህ ያለ ነገር ቀላል አልነበረም።

«ለንደንን የሚከፍት ሰው ዜና ሊሰማ ነው የሚከፍት» አለኝ። «እሱን አውቀዋለሁ፤ ብዙ ሰው አስሬበታለሁ። እናንተ ግን ዜናውን አትፈልጉትም። ከዜናው በፊት ያለውን ሰምታችሁ ትዘጋላችሁ። ምንድን ነው የምትቀበሉት?»

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠይቀው ነበር። ሰዓት ነው አልሁት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት በአገጩ አሳየኝ፤ ሰዓት ለማወቅ ለንደን መሄድ አያስፈልግም ማለቱ ነው። ከዚያ ወረቀት ገፋልኝ። ቴክኒሺያኑ ምስጢራዊ ምልክት ሲቀበል አይቻለሁ ብዬ ከፈረምሁ ማታውኑ ቤቴ እገባለሁ። ቴክኒሺያኑ ደግሞ ንጋት ላይ በሚነሳው መኪና አዲስ አበባ ይላካል፤ የጎርጎራውም ይከተላል። በዚያ መኪና ከሄዱት ውስጥ ባሕር ዳርን እንደገና ያየ ሰው አላውቅም ነበር።

ያየሁት ሰዓት ሲያስተካክል ነው፤ የምፈርመውም እሱን ነው አልሁ። ቀጥሎ የተናገርሁት ከሥራ ልማድ የመጣ ነው። አንድ ነገር ሲያጠራጥረኝ ሌላ ቦታ እጠይቃለሁ።

«የሞስኮው ጣቢያም ሰዓት ሲሞላ እንዲሁ ያደርጋል» አልሁት። «ሁለት ሬዲዮ አምጥታችሁ አንዱን ለንደን፣ አንዱን ሞስኮ ላይ አድርጉት። የለንደኑ ለወንበዴ የሚላክ ምልክት ከሆነ ከሞስኮው ጋር ሊገጥም አይችልም።»

ሞስኮን በሥራዬ ምክንያት በየምሽቱ አዳምጥ ነበር፤ እሱ አይከለከልም። ሁለቱን ባንድ ላይ ግን ሰምቼ አላውቅም። ወደ ክፍሉ ስመለስ ቴክኒሺያኑን ወደ ጥግ ወስጄ ያልሁትን ነገርሁት፤ ይገጥማሉ ወይ ስል ጠየቅሁት።

«ካልገጠሙ ከሁለቱ መንግሥታት አንዱ ተሳስቷል» አለኝ። የምሩን ነው።

ምሽት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ጠሩን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሬዲዮ ነበር፤ አንዱ የቴክኒሺያኑ፣ አንዱ የመርማሪው የራሱ። የቴክኒሺያኑ እጆች ታስረዋል፤ ስለዚህ እሱ በአፉ እየመራ ጣቢያዎቹን ያፈላለገው ዘበኛው ነው። «ትንሽ ወደ ግራ፣ ጓድ። አለፍካት። መለስ።» ሬዲዮው ያፏጫል፣ ይንሿሿል፣ የሌላ አገር ዘፈን ጣልቃ ይገባል። በመጨረሻ በአንዱ የእንግሊዝኛ ንግግር፣ በሌላው ቀዝቃዛ የፒያኖ ሙዚቃ ጠራ አለ። መርማሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እኔ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ ቴክኒሺያኑ ከጎን በመርማሪው ግራ በኩል ቆመናል።

ንግግሩ ቆመ፤ ሙዚቃውም ቆመ። ከዚያ ጢጥታው መጣ። ከሁለት ሬዲዮ መውጣቱን የማያይ ሰው አንድ ሬዲዮ ነው ይል ነበር። አምስቱ አጫጭር እኩል ወጡ። ረጅሟም እኩል ጀመረች።

ቀጥሎ በአንዱ ሩሲያኛ ጀመረ፤ በሌላው የለንደኑ ዜና አንባቢ አፉን ከፈተ። መርማሪው ከመቀመጫው ዘለግ ብሎ ለንደንን በራሱ እጅ ዘጋው። የተሰማው አንድ ቃል ቢሆን ነው። ሞስኮ ብቻዋን ማውራቷን ቀጠለች።

ቴክኒሺያኑ የተዘጋውን ሬዲዮ ተመለከተ። «እኔም የምዘጋው ለዚሁ ነው፣ ጓድ» አለ። «ዜናውን ሰማ እንዳልባል።»

ዘበኛው ወደ ጫማው አየ። መርማሪው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሩሲያኛው በክፍሉ ውስጥ ይሄዳል። ከዚያ ውሰዳቸው አለ።

ንጋት ላይ መኪናው ሲነሳ ሁላችንም ነቅተን ነበር። በር ሲከፈት ሰማን፤ ከሌላ ክፍል ስም ሲጠራ ሰማን። የእኛ በር አልተነካም። የሞተሩ ድምፅ ወደ አስፋልቱ ወጥቶ እየራቀ ሄደ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሳቡና ቴክኒሺያኑን «መኪናው ጥሎህ ሄዷል፤ ተኛ እንግዲህ» አሉት።

ይሁን እንጂ አልተፈታንም። ከጥቂት ቀን በኋላ መርማሪው ሁለታችንንም አስጠርቶ የመፈቻውን ዋጋ ነገረን። ቴክኒሺያኑ በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ፊት ግለሂስ ያቀርባል። ጽሑፉን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ጋዜጠኛ ነህና ታውቅበታለህ አለኝ። መግባት ያለበት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኢምፔሪያሊስት ጣቢያ ከፍቷል። ሁለተኛ፣ ሲከፍት ፈቃድ አልጠየቀም። ሦስተኛ፣ ከዚያ ወስዶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባው ሰዓት የተሳሳተ ነበር።

ሁለቱን ቴክኒሺያኑ በራሱ ፈቃድ ተቀበለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «ሰዓቱስ ትክክል ነበር» አለ።

መርማሪው አልተቆጣም። አንዲት መስመር ናት፤ አንብበሃት ቤትህ ትገባለህ አለው። ቴክኒሺያኑ ቀስ ብሎ አስረዳው። ሰዓቱ ስህተት ነበር ብሎ ራሱ ካመነ፣ ማሽኑ ከገባ ጀምሮ በሁለቱም ዳር የተመዘገበው ሁሉ ይጣላል። ግለሂሱን ያየ አለቃ መዝገቡን እንደገና አያምነውም። የሐይቁ ውሃ ያኔ የት እንደነበር ደግሞ ተመልሶ የሚለካ የለም።

«አንተ ጻፍ» አለኝ መርማሪው።

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ጻፍሁ። አንደኛውን ጻፍሁ፤ እውነት ነው። ሁለተኛውን ጻፍሁ፤ እሱም እውነት ነው። ከዚያ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ ወደ እሱ ገፋሁት። አነበበው።

«ሦስተኛው የት አለ?»

«ሰዓቱን እርስዎም ሰምተውታል፣ ጓድ» አልሁ። «ስህተት ነበር ብዬ ልጽፍ አልችልም።»

መርማሪው ወረቀቱን እንደገና አነበበና ብዕሩን አነሳ። ሦስተኛውን ራሱ ሊጽፈው ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከሁለተኛው መስመር በታች «ተቀብያለሁ» ብሎ ፈረመበት።

ቴክኒሺያኑ በማግስቱ ወረቀቱን በባልደረቦቹ ፊት አነበበ፤ ጠቁሞት የነበረውም ሰው ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበ። የጎርጎራውን አልነኩትም። ሽማግሌውም ዘግይተው ተፈቱ። ከዚያ በኋላ ሰዓት የሚወሰደው ከሞስኮ ብቻ ይሁን ተባለ። ቴክኒሺያኑ ለሰዓቱ ልዩነት እንደሌለው ተናግሮ እሺ አለ። ሞስኮ በጠዋት ጥርት ብላ ስለማትሰማ ሥራውን ወደ ምሽት አዛወሩት። ቴክኒሺያኑም ከዚያ ወዲያ ዜናውን አልዘጋውም፤ በየምሽቱ በሩሲያኛ እስከ መጨረሻው ያስደምጥ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሩሲያኛ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አሁን ሐይቁ ዳር ያለው መለኪያ ሰዓቱን የሚወስደው ከሳተላይት ነው። ጣቱን ቁልፍ ላይ አሳርፎ የሚጠብቅ የለም፤ ከየት ወሰድህ ብሎ የሚጠይቅም የለም። በቅርቡ እዚያ የምትሠራ አንዲት ወጣት መሐንዲስ የዚያን ዘመን ንባብ ከአሁኑ ጋር ቀጥላ ስትጠቀምበት አየሁ። ሰዓቱን ያኔ በምን ያስተካክሉት እንደነበር ጠየቀችኝ። በሬዲዮ ነው አልኋት። ይበቃት ነበርና ሌላ አልጨመርሁም፤ በመንገዴ ላይ ግን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ወሰንሁ።

ጽፌ ስጨርስ ለቴክኒሺያኑ በስልክ አነበብሁለት። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ድሬዳዋ ነው። ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ አንድ ነገር እንደቀረኝ ነገረኝ። በዚያ ምሽት ለንደን ከተዘጋ በኋላ፣ ሞስኮ ስታወራ፣ መርማሪው እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር አድርጎ የክንድ ሰዓቱን አስተካክሏል። እኔ ከፊት ለፊት ስለነበርሁ አላየሁም። እሱ በጎን ስለቆመ አይቷል።

«ስንት ደቂቃ ይዘገይ ኖሯል?» አልሁት።

«እሱን ከቆምኩበት ማንበብ አልቻልኩም» አለኝ። «ብቻ ወደፊት ነው ያዞረው።»